ከዘጠኝ ዘጠነኛ

ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፤

እንደምን ሰነበቱ? ዓምድዎን የማነበው ብዙ ጊዜ የትዳርና የቤተሰብ ጉዳይ ሲነሳ ነው። የእኔ የመሥሪያ ቤት ነገር ነው፤ እንቅልፍ ስለነሳኝ ጻፍኩልዎ።

ዕድሜዬ 31 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለውጭ ደንበኞች ሶፍትዌር በሚሠራ ድርጅት የአንድ ቡድን መሪ ነኝ። በሥሬ ዘጠኝ ዴቨሎፐሮች አሉ። አምና ሁለት ጎበዝ ልጆች በአንድ ወር ውስጥ ለቀው በዶላር ለሚከፍል የውጭ ድርጅት ከቤታቸው ሆነው መሥራት ጀመሩ። በእነሱ ቦታ ሌሎች ቢቀጠሩም ቡድኑ ተቀዛቀዘ። ሥራ ይዘገያል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ በምናደርገው አጭር ስብሰባ ሁሉም ስልኩን ነው የሚያየው። አለቃዬ "ቡድንሽ ተኝቷል" አሉኝ።

ያኔ ሥራውን ጨዋታ ላድርገው ብዬ የነጥብ ሰንጠረዥ አወጣሁ። ቲኬት (ተመዝግቦ የተሰጠ አንድ ሥራ) ለዘጋ 5 ነጥብ፣ ባግ (የፕሮግራም ስህተት) ላገኘ 4፣ የሌላውን ኮድ ሪቪው ላደረገ (አንብቦ ለመረመረ) 2፣ ስብሰባ ላይ በሰዓቱ ለተገኘ 1። የእያንዳንዱ ስምና ደረጃ ቢሮው ግድግዳ ላይ ባለው ትልቅ ቴሌቪዥን ይታያል። በወሩ መጨረሻ አንደኛ የወጣ ሰው ሄድፎንና 5,000 ብር ይሸለማል።

የመጀመሪያው ወር ሰርግ ነበር። ሳቅ፣ መተራረብ፣ አምሽቶ መሥራት። የዘጋነው ቲኬት ከበፊቱ እጥፍ ሆነ። አለቃዬ በሌሎች ቡድኖች ፊት ስሜን እየጠሩ አመሰገኑኝ።

በሦስተኛው ወር ነገሩ ተበላሸ። ድሮ አንድ የነበረ ሥራ አምስት ቲኬት ሆኖ ይመጣል። ሁለት ልጆች ተነጋግረው አንዱ ሆን ብሎ የተወውን ስህተት ሌላው "እንደሚያገኘው" ደረስኩበት። ሪቪው ላይ ማንም ሳያነብ "ጥሩ ነው" ብሎ ያልፋል። ባለፈው ሳምንት አንዲት ጀማሪ እርዳታ ስትጠይቅ አንዱ "እሱ እኮ ነጥብ የለውም" አላት። እየሳቀ ነው ያላት፤ ግን አልረዳትም።

ከሁሉ ያሳዘነኝ በዕድሜ ስለሚበልጠን "ጋሼ" የምንለው ባልደረባችን ነው። 46 ዓመቱ ነው። ሲስተም ሲወድቅ ሌሊት የሚነሳው እሱ ነው፤ ጀማሪዎቹን ሁሉ ያስተማረውም እሱ። ሦስቱንም ወር የመጨረሻ ወጣ። ምንም አላለኝም። አሁን ግን ካልጠየቁት አይናገርም፤ 11 ሰዓት ተኩል ሲሆን ቦርሳውን ይዞ ይወጣል። ከእሱ አንድ ደረጃ ከፍ ብላ ያለችው ልጇን ከሕፃናት ማቆያ ለማምጣት ቀድማ የምትወጣ እናት ናት። ሁለት ጊዜ አንደኛ የወጣው ደግሞ ከሁሉ ታናሹ ነው፤ ቤተሰብ የሚረዳ፣ ብሩ በእውነት የሚጠቅመው ልጅ።

አሁን አለቃዬ ነጥቡ ከሚቀጥለው ሩብ ዓመት ጀምሮ ከዓመታዊ ምዘናና ከደሞዝ ጭማሪ ጋር ይያያዝ ብለዋል። አሠራሩን በሁለት ሳምንት ውስጥ ጽፌ እንዳቀርብ አዘውኛል። እምቢ ብል የገዛ ሐሳቤን ማፍረሴ ነው። እሺ ብል ጋሼ ይለቅብኛል ብዬ እፈራለሁ። ብሰርዘው ታናሹ ልጅ ይከፋዋል። የዚህ ወር ሄድፎን ተገዝቶ መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ ባየሁት ቁጥር አፍራለሁ። ምን ይመክሩኛል?

ሰንጠረዡን የሰቀልኩት እኔ ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

እህቴ፤

በደብዳቤሽ ውስጥ ተመልሼ ተመልሼ ያነበብኩት "11 ሰዓት ተኩል ሲሆን ቦርሳውን ይዞ ይወጣል" ያልሽውን ነው። ለነገሩ ሰውየው ምን አጠፋ? የሥራ ሰዓቱን ጨርሶ ወጣ። ለማንም የማይታወቅ ነገር ነው፤ አንቺ ግን አየሽው። ቴሌቪዥኑ ያላየውን በማየትሽ ነው እንቅልፍ ያጣሽው። ስለዚህ ሀፍረቱን ለጊዜው መሳቢያው ውስጥ ከሄድፎኑ ጋር አስቀምጪልኝና እናውራ።

በመጀመሪያ ለራስሽ ትንሽ ፍረጂላት። ያ የመጀመሪያው ወር ሳቅ ውሸት አልነበረም። ግን ምን ነበር ያሳቃቸው? ነጥቡ ነው? ሄድፎኑ ነው? ወይስ ሁለት ጓደኞቻቸው ከሄዱ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው ስለ እነሱ ተጨንቆ አዲስ ነገር ይዞ መምጣቱ? ይህን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። የማነሳው፣ ሰንጠረዡ ወርዶ ሳቁ የሚቀርበት መንገድ ያለ ስለሚመስለኝ ነው።

አሁን ወደ ግድግዳው እንምጣ። እኛ አገር "ስንተኛ ወጣሽ?" ሳይባል ያደገ ልጅ የለም። እንግዳ ቤት ሲመጣ ከስም ቀጥሎ የሚጠየቀው እሱ ነው። እኔ አራተኛ ክፍል ከ62 ተማሪዎች 58ኛ የወጣሁ ጊዜ ካርዴን ካልሲዬ ውስጥ ሸጉጬ በረጅሙ መንገድ ዞሬ ነው ቤት የገባሁት። በላብ ርሶ ቁጥሩ ይጠፋል ብዬ ነበር፤ አልጠፋም። የሚገርመው ያን ዓመት በእጅ ጽሑፍ የሚስተካከለኝ አልነበረም፤ መምህራችን ሰሌዳ ላይ የሚያስጽፉት እኔን ነበር። ካርዱ ላይ ግን የእጅ ጽሑፍ የሚባል ረድፍ የለም። ጋሼም ያው ነው። ሌሊት ተነስቶ ሲስተም የሚያነሳበት ረድፍ የለውም፤ ጀማሪ የሚያስተምርበትም የለውም። በዚያ ላይ እሱ ካርዱን ካልሲው ውስጥ መደበቅ አይችልም። ግድግዳ ላይ ነው። እንግዳ ያየዋል፣ ያስተማራቸው ልጆች ያዩታል፣ ቡና ይዛ የምትገባው ልጅ ታየዋለች። በ46 ዓመቱ፣ ከዘጠኝ ዘጠነኛ። ዝም ያለው ስላልተሰማው አይመስለኝም።

በእነዚያ ሁለት ልጆች፣ አንዱ ዘርቶ ሌላው በሚያጭደው፣ ብዙ አትቆጪ። ሙያቸው እኮ ነው! ዴቨሎፐር ማለት ሕግ ያለው ነገር ሲሰጡት አቋራጩን የሚፈልግ ሰው ነው። አንቺ "ባግ ላገኘ 4 ነጥብ" አልሽ፤ እነሱ ባጉ ከየት ይምጣ እንዳላልሽ አስተዋሉ። ለብቻቸው ጠርተሽ አይተሽ እንዳወቅሽ ንገሪያቸው፣ ሆን ብለው ያስቀሩት ስህተት ደንበኛው ዘንድ ደርሶ እንደሆነ አብራችሁ ፈትሹ፣ ከዚያ በኋላ ነገሩን ዝጊው። በቡድኑ ፊት አታውጪው። ቀዳዳውን የተወው ሰንጠረዡ ስለሆነ ጥፋቱን ትንሽ ተካፈያቸው።

ይህ ነገር የአንቺ ቡድን ብቻ አይደለም። አፕል እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሊሳ የተባለውን ኮምፒውተር ሲሠራ፣ ሥራ አስኪያጆቹ መሐንዲሶቹን በየሳምንቱ ስንት መስመር ኮድ እንደጻፋችሁ ቅጽ ሙሉ ብለዋቸው ነበር። ቢል አትኪንሰን የሚባለው መሐንዲስ በዚያ ሰሞን ሥዕል በስክሪን ላይ የሚያወጣውን ፕሮግራም አንዱን ክፍል እንደ አዲስ ጽፎ፣ ፍጥነቱን ወደ ስድስት እጥፍ ሲያደርሰው ኮዱ በ2,000 መስመር ያህል አጠረ። ቅጹ ላይ "-2000" ብሎ ሞላ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እሱን ቅጽ ሙላ ማለቱን ተዉት። ይህን ሳነብ ጋሼ ነው ትዝ ያለኝ። የእሱ ጥቅም በእናንተ ሰንጠረዥ ሲሰላ ከዜሮ በታች ነው፤ አንድ ጀማሪ አስቀምጦ በሚያስተምርበት ሁለት ሰዓት ውስጥ የራሱን ሦስት ቲኬት ያጣል።

ቡድንሽ በየቀኑ የሚከፍተውን፣ ኮድ የሚቀመጥበትን ጊትሃብ የተባለ ድረ ገጽም ውሰጂ። ድሮ በእያንዳንዱ ሰው ገጽ ላይ ሳያቋርጥ ስንት ቀን እንደሠራ የሚቆጥር ቁጥር ነበረ። እ.ኤ.አ. በ2016 ቁጥሩን አነሱት። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ከዚያ ወዲህ የሆነውን ተከታትሎ ነበር። የቅዳሜና እሁድ ሥራ ቀነሰ፤ ቀኑን ለማስቆጠር ብቻ አንዲት ነገር ነካ የሚደረግባቸው ቀኖችም ቀነሱ። ሰዎቹ ያን ቁጥር ላለማቋረጥ ሲሉ ከእረፍታቸው ይቆርሱ ነበር ማለት ነው፤ ያውም ማንም ሳይከፍላቸው። ሃክቶበርፌስት የሚባለውንም ልጆችሽ ያውቁታል። በኦክቶበር ወር ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት ለሆነ ሶፍትዌሮች አራት ማሻሻያ ላቀረበ ሰው ቲሸርት ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ቲሸርት ፈላጊው በዝቶ፣ አንዲት ቃል እዚህም እዚያም እየጨመረ የሶፍትዌሮቹን ባለቤቶች አጥለቀለቃቸው። አዘጋጆቹ ወሩ ገና በጠባ በቀናት ውስጥ ሕጉን ለውጠው፣ ፈቃደኛ ነን ያሉ ፕሮጀክቶች ብቻ እንዲገቡበት አደረጉ። ለቲሸርት ነው ይህ ሁሉ የሆነው። አለቃሽ ሊያያይዙት ያሰቡት ደሞዝ ነው።

"ታዲያ ስታክ ኦቨርፍሎውስ? እሱ በነጥብ አይደል የቆመው?" ትዪኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ፕሮግራም ጸሐፊዎች የሚጠያየቁበት ያ ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በነጥብና በሜዳልያ ነው ያደገው። ልዩነቱን ግን እዪው። እዚያ ነጥብ የሚሰጥሽ መልስሽን አንብቦ የተጠቀመ ሰው ነው። ነጥብሽ ሲበዛ የሚሰጥሽም ሌላ ኃላፊነት ነው፤ 2,000 ስትደርሺ የሌላውን ጽሑፍ በቀጥታ እንድታርሚ ይፈቀድልሻል። ሲሰለችሽ ደግሞ ትወጫለሽ፤ ለምን ወጣሽ የሚልሽ አለቃ የለም።

ይኼ መውጣት የሚባለው ነገር ለእኔ የጉዳዩ ሁሉ እንብርት ነው። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ይባል የለ? ሎሌው ሩሯን ሲመታ የጌታውን ቅልጥም ቢያገኘው ጌታው አይቆጣም። ሜዳው ላይ ሎሌም ጌታም የለም። ሲመሽ ግን ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል፣ ሜዳ ላይ የሆነው ሜዳ ላይ ይቀራል፣ በማግሥቱ ጌታው ለዚያች ምት ሂሳብ አይጠይቅም። ጨዋታ የሚያስቀው በዚህ ነው። ነጥቡ ከደሞዝ ጋር ከታሰረ በማግሥቱ ሂሳብ የሚጠየቅበት ሆነ። ስሙ ጨዋታ መባሉ ራሱ ሰውን ያናድዳል፤ እየተቀጡ ሳቁ እንደማለት ነው። የመጀመሪያው ወር ላይ ይስቁ የነበሩት ቢሸነፉም ምንም ስለማይሆኑ ነበር። በሦስተኛው ወር መሸነፍ ስም ያለው ነገር ሆነ። ስለዚህ ለአለቃሽ ጥያቄ መልሴ ቁርጥ ያለ ነው፤ ከደሞዝ ጋር አይታሰር። በሌላው ሁሉ መደራደር ትችያለሽ።

አንድ ተጨማሪ ነገር ልበልና ወደ ሥራው እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1973 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማርክ ሌፐርና ሁለት ባልደረቦቹ መሳል የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን በሦስት ከፈሏቸው። ለአንዱ ቡድን ከሣላችሁ የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ አሏቸው። ሁለተኛውን ሳይነግሩ ሥለው ሲጨርሱ ሸለሟቸው። ሦስተኛው ምንም አላገኘም። ከቀናት በኋላ ልጆቹ በነፃነት እንዲጫወቱ ሲተዉ፣ አስቀድሞ ሽልማት የተነገራቸው ልጆች ከሌሎቹ ያነሰ ሣሉ። በድንገት የተሸለሙት ምንም አልሆኑም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው። "እሱ እኮ ነጥብ የለውም" ያለው ልጅ ባለፈው ዓመት ያቺን ጀማሪ ያለ ነጥብ ይረዳት አልነበረም? አስታውሺው እስቲ። ከረዳት፣ ክፉ ሆኖ አይደለም። እርዳታ ዋጋ እንዳለው ሲነገረው ዋጋውን አየ፤ ዋጋው ዜሮ ነበር። በድንገት ማመስገን ግን ማንንም አይጎዳም። ጋሼ ሌሊት ሲስተም ባነሳ ማግሥት "ዛሬ ከቤት አትውጣ፣ እረፍ" ብትዪው ሰንጠረዥ አያስፈልገውም።

ከዚህ ሁሉ በፊት የነበረውን ጉዳይም እንዳንዘለው። ሁለቱ ልጆች የሄዱት ሥራው ስለሰለቻቸው ነው ወይስ በዶላር ስለተከፈላቸው? ከ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በብር የሚከፈለውና በዶላር የሚከፈለው ሰው ልዩነታቸው ምን ያህል እንደሰፋ አንቺ ታውቂያለሽ። ደንበኞቻችሁም የሚከፍሉት በውጭ ምንዛሪ ነው። ይህን ክፍተት ሄድፎን አይሞላውም፤ አንቺም ብቻሽን አትሞይውም። ግን "ቡድንሽ ተኝቷል" ሲባል እንቅልፉ የተጀመረው ከዚያ ከሆነ፣ አለቃሽ ዘንድ ይዘሽው ልትገቢ የሚገባሽ ጉዳይ እሱ ነው። የደሞዝን ጥያቄ በነጥብ እየመለስን ቆይተን ይሆን? ይህን ጥያቄ ለራስሽ እንኳ ጮክ ብለሽ ጠይቀሽው የምታውቂ አልመሰለኝም።

እንግዲህ ምን ታድርጊ? እኔ ብሆን ከጋሼ እጀምራለሁ። ከቢሮ ውጪ ቡና ጋብዢው። ረጅም ይቅርታ አታብዢ፤ ይሸማቀቃል፣ አንቺን ማጽናናት ይጀምርና ጉዳዩ ይጠፋል። "ጋሼ፣ ይህን ሰንጠረዥ ስሠራ አንተ የምትሠራውን መቁጠር አልቻልኩበትም፤ አጥፍቻለሁ። ምን ብናደርግ ይሻላል ትላለህ?" በዪና ዝም በዪ። ዝምታው ቢረዝም አትሙዪው። ምናልባት "ኧረ ምንም አይደለም" ይልሻል፤ ትልልቆቻችን እንዲያ ናቸው። ያን ጊዜ አትከራከሪው። ጀማሪዎቹን በሳምንት አንድ ቀን ሰዓት ተመድቦለት፣ ከሥራው ተቆጥሮለት ቢያስተምር ፈቃደኛ ይሆን እንደሆን ጠይቂውና "አስብበት" ብለሽው ተለያዩ። ምናልባትም ለመልቀቅ ወስኖ ይሆናል። ያም ቢሆን ከአንቺ አፍ ሰምቶ መሄዱ፣ ሳይሰማ ከመሄዱ ይሻላል።

ከዚያ አለቃሽ። ባዶ እጅሽን አትግቢ፤ ቁጥር የሚወዱ ሰው ስለሚመስሉ ቁጥር ይዘሽ ግቢ። አንድ ገጽ ይበቃል። ከሰንጠረዡ በፊት ሦስት ወር፣ ከሰንጠረዡ በኋላ ሦስት ወር። የተዘጉት ቲኬቶች ስንት ናቸው? ተዘግተው እንደገና የተከፈቱትስ? ከደንበኛ የመጣ ቅሬታስ? የአንዱ ቲኬት መጠንስ አነሰ ወይስ ያው ነው? እኔ መልሱን ስለማላውቅ አስቀድሜ አልፈርድም። የደንበኛ ቅሬታ በእውነት ቀንሶ ካገኘሽው እሱንም አትደብቂ፤ ሁለታችንም ያላየነው ነገር አለ ማለት ነው። ደብዳቤሽን ሳየው ግን የተከፈተው ቲኬት ከተዘጋው ጋር አብሮ ያደገ ይመስለኛል። ከሆነ እንዲህ ማለት ትችያለሽ፦ "ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ስንጥቁን ቀድሜ ያየሁትም ለዚህ ነው። ከደሞዝ ጋር ብናያይዘው ድርጅቱ አንዱን ሥራ አምስት ቦታ ለቆረጠ ሰው አምስት ጊዜ ሊከፍል ነው። ሌሊት ሲስተም የሚያነሳልንን ሰው ደግሞ ዜሮ እንሰጠዋለን፤ እሱ ቢለቅ ለደንበኛው ማን ይነሳል?" የገዛ ሐሳቤን ማፍረስ ነው ብለሽ የፈራሽው እዚህ ላይ ጉልበት ይሆንሻል። ሌላ ሰው ቢናገረው ምቀኝነት ይመስላል። አንቺ ስትናገሪው ሞክራ ያየች ሰው ምስክርነት ነው።

እምቢ ካሉስ? ሊሉ ይችላሉ። እንግዲያው ቢያንስ የሚከተለውን ለምኚ፤ ሰው ለሰው መደርደሩ ይቅር፣ ነጥቡ የቡድኑ ድምር ይሁን፣ አንድ ሩብ ዓመት ገንዘብ ሳይነካው ይታይ። የሚያሰጋሽንም በጨዋ ቋንቋ ጽፈሽ አስገቢ፤ በስድስት ወር ውስጥ "ለምን አልነገርሽኝም" እንዳይመጣ። ከዚያ ያለፈው የእሳቸው ውሳኔ ነው፤ ሁሉንም በአንቺ ትከሻ አትሸከሚው።

ታናሹ ልጅ ይከፋዋል ያልሽው እውነት ነው፣ ይከፋው ይሆናል። ሕጉን አክብሮ ያሸነፈ ልጅ ነው። ስለዚህ የተጀመረው ወር እስከ መጨረሻው ይሂድ፤ ያሸነፈ ሄድፎኑንም ብሩንም ይውሰድ። በመሀል ማቋረጥ ቃል ማጠፍ ነው። ለእሱ ግን ከሽልማቱ የሚበልጥ ነገር አለሽ። ልጁ ፈጣን ነው፣ ይህ ግልጽ ነው። ደሞዙ ለሥራው የሚመጥን ነው? ካልሆነ፣ በየወሩ በ5,000 ብር ዕጣ ከምታጫውቺው ጭማሪ እንዲደረግለት ለብቻው ደብዳቤ ጻፊለት። ሁለት ወር አሸንፎ በሦስተኛው ቢሸነፍ የቤተሰቡ የቤት ኪራይ ምን ሊሆን ነበር? ያቺ እናትም እንዲሁ ናት። ልጇን ለማምጣት ቀድማ መውጣቷን ፈቅዳችሁላታል፤ በሰንጠረዥ ደግሞ መልሳችሁ ትቀጧታላችሁ። ስለዚህ ነገር ምንም አላለችሽም አይደል? አንድ ቀን "እንዴት ይዞሻል?" በያት፤ እሷም ቦርሳዋን አዘጋጅታ ሊሆን ይችላል።

ጨዋታው ጨርሶ ይጥፋ ግን አልልሽም፤ ያ ሳቅ ያሳሳኛል። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 7ን ሲያዘጋጅ በየቋንቋው የተተረጎመውን ጽሑፍ ለማረም ጨዋታ አውጥቶ ነበር። በልዩ ልዩ አገር ያሉ ሠራተኞቹ በፈቃዳቸው በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ስክሪኖቹን እያዩ ስህተት ይለቅሙ ነበር፤ ቋንቋ ከቋንቋም ይፎካከር ነበር። የተሳካው የማንም መደበኛ ሥራ ስላልነበረ ይመስለኛል። ያልገባበት አልተመዘነም፤ የገባበትም ለቋንቋው ብሎ ነው። እኛ ዘንድም ደቦ አለ። አጨዳ ላይ ወጣቱ እየዘፈነ ይሽቀዳደማል፣ ወደ ኋላ የቀረውን ይተርቡታል፣ ግን ማታ ላይ የእያንዳንዱን ነዶ ቆጥሮ ጠላ የሚያከፋፍል የለም። ማሳው አለቀ ወይ ነው ጥያቄው።

እናንተም አንድ ማሳ ምረጡ። ሁሉም የሚያማርረው አንድ ነገር አይጠፋም፤ ለመክፈት አሥር ሰከንድ የሚፈጅ ገጽ፣ ማንም መንካት የማይፈልገው አሮጌ ኮድ፣ ስድስት ወር የተከማቹ ትንንሽ ባጎች። ምን እንደሚሆን እነሱ ይምረጡ። ለሁለት ሳምንት ብቻ፣ በሥራ ሰዓት፣ መግባት የፈለገ ይግባ። የሚታየው ቁጥር አንድ ይሁን፤ የገጹ ሰከንድ። ካወረዳችሁት አብራችሁ ምሳ ብሉ። (ምሳውን ረቡዕና ዓርብ አታድርጊው፤ ክትፎ ታዞ ግማሹ ሰው ሽሮ ሲፈልግ አይቻለሁ። ረመዳንም ከሆነ ወደ ማፍጠሪያ አዙሪው።) ሁለት ሳምንቱ ሲያልቅ ጨዋታው ይለቅ። ሌላ ይምጣ ካሉ ራሳቸው ያምጡት። ካላሉም አትጎትቻቸው።

ለቡድኑ የምትነግሪበት ቀን ደግሞ ከአለቃሽ በኋላ ይሁን፤ ከእሳቸው በፊት ከተሰማ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በጠዋቱ ስብሰባ አምስት ደቂቃ ይበቃሻል። ሦስት ወር ሞከርን፣ የመጀመሪያው አስደሳች ነበር፣ ከዚያ በኋላ መቁጠር ያለብኝን ሳልቆጥር ቀረሁ፣ የዚህ ወር ሽልማት እንደተባለው ይሰጣል፣ ከዚያ ሰንጠረዡ ይወርዳል። ከዚህ በላይ አትግለጪ። ጥያቄ ይኖራቸዋልና ለእሱ ጊዜ ተይ፤ መጀመሪያ የሚናገረው ጋሼ ባይሆንም አትከፊ።

ቴሌቪዥኑን ባዶ አትተዪው፤ ባዶ ግድግዳ ሐዘን ቤት ይመስላል። የሲስተሙን ሁኔታ አሳዪበት፤ ሌሊት ወድቆ እንደነበርና በስንት ሰዓት እንደተነሳ። ማን እንዳነሳው ሁሉም ያውቀዋል።

ከአለቃሽ ጋር የተነጋገራችሁትን ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።